ዘገባ የሚነፈገው ቡድን፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ከስፖርት ዜና ሚዛን አንጻር

መግቢያ

በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች ሲኖሩ፣ የከተማዋ ጋዜጦችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ሁለቱን በእኩል ዓይን ሲመለከቱ ማየት የተለመደ አይደለም። አንዱ ቡድን የቤት ልጅ ይሆናል፤ ሌላው የእንጀራ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ጉዳዩ በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ከብስ እና ዋይት ሶክስ የተባሉ ሁለት የቤዝቦል ቡድኖች አሉ። ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለውን ጋዜጣ የሚያሳትመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከብስን ገዝቶ እስከ 2009 በእጁ አቆይቷል። ዘጋቢው ደመወዝ የሚቀበለው ከአንዱ ቡድን ባለቤት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የዋይት ሶክስ ደጋፊዎች በዘገባው ሚዛን ላይ ጥርጣሬ ቢያድርባቸው አያስደንቅም።

በኢትዮጵያ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ከጋዜጣ ባለቤትነት አልጀመረም። የጀመረው ከዚያ ከበድ ካለ ነገር፣ ማለትም በገዛ ከተማው የእንጀራ ልጅ ከተደረገ ሕዝብ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ነው። ሰውየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ የአቶ ይድነቃቸው የሥራ ዘመን በሙሉ ያልተወደደው ቡድን እንዲታይ፣ እንዲቆጠርና እንዲመዘገብ የተደረገ አንድ ረጅም ክርክር ነበር የሚል ነው። ክርክሩ የሚያስመሰግነውን ያህል ያልተፈታ ጥያቄም ትቶ አልፏል።

ልደትና ቤተሰብ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በድምፃቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ዜማቸውን በሸክላ ላይ አስቀርጸዋል። ከኢትዮጵያውያን ድምፅ ቀድሞ በሸክላ ከተቀረጸው መካከል የእርሳቸው ይገኛል። ከነጋድራስ ተሰማ በፊትና በዘመናቸው ብዙ ታላላቅ ድምፃውያን እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። ዛሬ ልንሰማቸው የምንችለው ግን የተቀረጹትን ብቻ ነው። የተመዘገበና ያልተመዘገበ ነገር ዕጣ እንዲህ የተራራቀ መሆኑ፣ በልጃቸው የሕይወት ታሪክ ውስጥም በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ዘመነ ወረራና ስም የተቀየረበት ቡድን

የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ ሰፈር ተመሠረተ። በመሥራችነት የሚጠቀሱት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ጊዜው የኢጣሊያ ጦር በሰሜንና በደቡብ እየገፋ የነበረበት ጊዜ ነበር። ቡድኑ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ወደቀች። ወጣቱ ይድነቃቸው ወደ ኳስ ሜዳ የገቡት በዚህ ዘመን ነው።

የፋሺስቱ አስተዳደር ከተማዋን በዘር ለየ። ነጩና አገሬው የሚኖሩበት ሰፈር፣ የሚገበያዩበት ቦታ፣ የሚዝናኑበት ስፍራ እንዲለያይ ታቀደ። መርካቶ ራሱ ስሙን ያገኘው ለአገሬው ሰው ተብሎ ከተከለለው ገበያ ነው። በስፖርት ረገድም ያው ሥርዓት ተዘረጋ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከለ፤ የአገሬውን ስፖርት የሚቆጣጠር የተለየ ጽሕፈት ቤት ቆመ፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ስምም ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የፋሺስቱን ሥርዓት ዓርማ የሚያስታውስ ነው። ስለዚህ የአራዳ ልጆች ሜዳ ላይ በወጡ ቁጥር የገዢያቸውን ምልክት በስማቸው ላይ ተሸክመው እንዲወጡ ተፈርዶባቸው ነበር።

በዚህ ዘመን ስለ ዘገባ አድልዎ መናገር የሚቻለው በልዩ ትርጉም ነው። አድልዎ ሁለት ወገን ሲነገርለትና አንዱ ከሌላው ሲበልጥ የሚታይ ነገር ነው። በወረራው ዘመን ግን የከተማዋ ማተሚያ ቤቶችና ጋዜጦች ሁሉ በወራሪው እጅ ነበሩ። ኮሪየሬ ዴል ኢምፔሮ በጣሊያንኛ፣ የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ ደግሞ በአማርኛ ይታተሙ ነበር፤ ሁለቱም የአንድ መንግሥት አፍ ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ ቡድን በራሱ ስም የሚጽፍለት ጋዜጣ አልነበረውም። በእውነተኛ ስሙ ያልተጠራ ቡድን ድሉም ሽንፈቱም በእውነተኛ ስሙ ሊመዘገብ አይችልም። የቀድሞው ስም በተጫዋቾቹና በተመልካቾቹ አፍ ስለ ቆየ ብቻ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጣ። የአቶ ይድነቃቸው የኋላ ዘመን ጠባይ፣ በተለይ በስምና በዘር ጉዳይ የነበራቸው ጽኑ አቋም፣ ከዚህ ልምድ ጋር አያይዞ ካላዩት በቀር በሚገባ አይገለጽም።

አምስቱ ማኅበረሰቦች

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ሬዲዮም ዳግም በኢትዮጵያውያን አንደበት መናገር ጀመረ። አቶ ይድነቃቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ወጣት ቢሆኑም በስፖርቱ አደረጃጀት ውስጥ ግንባር ቀደም ሆኑ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ከጅምሩ ከሠሩት መካከል ነበሩ። በቀንም በሌሊትም የሠሩት ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንዱ መጫወት ነው፤ ሌላው ጨዋታው ሕግ፣ መርሐ ግብርና መዝገብ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 የተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የከተማዋን መልክ ያሳያል። የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ እያንዳንዱ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ማኅበረሰብ ይወክል ነበር። ፎርቲቱዶ የጣሊያናውያን፣ አራራት የአርመናውያን፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪካውያን፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ኢትዮጵያውያንን የወከለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዙ ሚሲዮን ቡድን ነው።

ይህ ዝርዝር በጥሞና ሲታይ አንድ ነገር ይገልጣል። በራሱ አገር ዋና ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ መካከል፣ የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር። በቁጥር የሚበልጠው ሕዝብ በሜዳው ላይ አናሳ ነበር። ሆኖም ከወረራው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ለውጡ መሠረታዊ ነው። ቡድኑ በገዛ ስሙ ተሰልፏል፤ ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሕግ ተዳኝቷል፤ ሽንፈቱም ቢሆን ተመዝግቧል። ለአንድ የስፖርት ቡድን ከሽንፈት የከፋው ከመዝገብ መሰረዝ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች፣ ያን ዓመት እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ መነሻ ቢቆጥሩት ተገቢ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በሕይወት ታሪካቸው ዘወትር የሚጠቀሰው ቆጠራ 365 ጨዋታና 318 ግብ የሚል ነው፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ መሰለፋቸው ይነገራል። ቁጥሮቹ በራሳቸው ከሚያስደንቁት ይልቅ መኖራቸው ያስተምራል። የዚያ ዘመን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ስንት ጊዜ እንደ ተሰለፉ፣ ስንት ግብ እንዳስቆጠሩ የሚናገር ወረቀት የላቸውም። ቆጠራ የተረፈላቸው፣ መዝገብ መያዝን እንደ ሥራ ከቆጠሩት ሰዎች አጠገብ የነበሩት ናቸው።

ከገላፊ ማዶ የመጣው ተጋጣሚ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1947 የተደረገው ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ፣ ማለትም ከዛሬዋ ጅቡቲ ቡድን ጋር ነበር። ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ዛሬ ከሰመራ ተነሥቶ በገላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ዋና መስመር ነው፤ ቀን ከሌሊት የጭነት መኪና ሲመላለስበት ይታያል። በዚያን ጊዜ ሁለቱን አገሮች ያያይዝ የነበረው አዋሽን አቋርጦ በድሬዳዋ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ነበር።

የጨዋታው ትርጉም ከግቡ ብዛት ይሰፋል። በሁለቱም ወገን ያለው የአፋር ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚጋባና የሚነግድ ሕዝብ ነው። በመካከሉ ያለፈው ድንበር በቅኝ ገዢና በነፃ አገር መካከል የተሰመረ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ቡድን በአገሩ ስምና ሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፍ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው ቡድን የተሰለፈው ገዢው ለግዛቱ ባወጣለት ስም ነው። በሊቶሪዮ ስም መጠራትን ለቀመሰው የአዲስ አበባ ትውልድ ይህ ልዩነት እንግዳ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ የአፍሪካ አገሮች የጋራ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ፣ አቶ ይድነቃቸው ያለማቋረጥ የቆሙለት መርሕም ይኸው ነበር፤ ማንኛውም ቡድን በራሱ ሕዝብ ስምና መልክ ይሰለፍ የሚል ነው።

አምበሉ ማን ይሁን?

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን የቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች፣ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ቀረበች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተጠናቀቀ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ የዓረብ ኅብረት ሪፐብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 ረታች። ከግብ አግቢዎቹ መካከል ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ እንዲሁም መንግሥቱ ወርቁ ይገኙበታል።

የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አስመራ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነው። በወረራው ዘመን ትዝታ ገና ባልበረደበት አገር፣ የጣሊያን ስም ያለው ክልስ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሊቀበል መሆኑ አንዳንድ ባለሥልጣናትን እንዳላስደሰተ በአቶ ይድነቃቸው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይነገራል። አምበልነቱ ለሌላ ተጫዋች እንዲሰጥ ግፊት ቢደረግም አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ይህ ድርጊት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በሚቀጥለው ቀን በጋዜጦች የሚወጣው ፎቶግራፍ የአገሪቱ ትዝታ ይሆን ነበርና፣ ክርክሩ በፎቶግራፉ ውስጥ ማን ይታይ የሚል ነበር። ያልተወደደውን ከፎቶግራፉ ማስወጣት ያልተወደደውን ቡድን ከዜና ከማስወጣት የተለየ ተግባር አይደለም። ወራሪው ስማቸውን የቀየረባቸው ሰው፣ ዕድሉ በእጃቸው ሲገባ የሌላውን ስም ለመቀየር ፈቃደኛ አልሆኑም።

አንድ ወንበር ለሦስት አህጉር

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በዚህ ደረጃ የገጠማቸው ችግር የአዲስ አበባው አምስት ቡድን ታሪክ በዓለም መጠን ተስፋፍቶ የመጣ ያህል ነበር።

እ.ኤ.አ. ለ1966 የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ከተመደቡት 16 ቦታዎች መካከል አውሮፓ አዘጋጇን ጨምሮ 10፣ ደቡብ አሜሪካ 4፣ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ 1 ሲያገኙ፣ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ በአንድ ቦታ እንዲሻኮቱ ተደረገ። የአፍሪካ አሸናፊ አህጉሩን ካሸነፈ በኋላ ገና ከእስያ ተወካይ ጋር መጋጠም ነበረበት። ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው በግንባር ቀደምነት የተከራከሩበት ይህ ድልድል ባለመሻሻሉ፣ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ፊፋ በቅጣት ቢመልስም፣ እ.ኤ.አ. ለ1970 የሜክሲኮ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሳታፊ ሆነች።

ከዚሁ ጋር የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ አብሮ ይካሄድ ነበር። የፊፋ ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ደቡብ አፍሪካን ጎብኝተው እገዳው እንዲነሣ አደረጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአፍሪካና የሌሎች አገሮች ድምፅ እገዳውን መለሰው። ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው ምርጫ ብራዚላዊው ዣኦ አቬላንጅ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች።

የዚህ ክርክር ስልት ልብ ሊባል ይገባዋል። አቶ ይድነቃቸውና ጓዶቻቸው የአውሮፓ ጋዜጦች አፍሪካን እንዲያመሰግኑ አልለመኑም። የጠየቁት ቦታ ነው። ሜዳው ላይ ያልቀረበ ቡድን ስለማይዘገብለት፣ ስላልተዘገበለትም ደካማ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ ደካማ ነው ስለተባለም ቦታ ስለሚከለከል፣ ክቡ የሚሰበረው በዘገባው በኩል ሳይሆን በቦታው በኩል ነው የሚል ስሌት ነበር።

በቴሌቪዥን መስኮት የታየው አፍሪካ

ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ቦታ ማግኘት ብቻውን ሚዛን አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ1974 በምዕራብ ጀርመን ዛየር ከሰሃራ በስተደቡብ ካሉ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ሆና ቀረበች። በስኮትላንድ 2 ለ 0፣ በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0፣ በብራዚል 3 ለ 0 ተሸነፈች። ከብራዚል ጋር በተደረገው ጨዋታ ተከላካዩ ምዌፑ ኢሉንጋ፣ ብራዚላውያን የቅጣት ምት ሊመቱ ሲዘጋጁ ከአጥሩ ወጥቶ ኳሷን መትቶ አራቃት። የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ትዕይንቱን ለዓመታት ደጋግመው ያሳዩት ሕግ የማያውቅ አፍሪካዊ ምሳሌ አድርገው ነበር። ተጫዋቹ ሕጉን አሳምሮ እንደሚያውቅና ድርጊቱ ሆን ተብሎ በተቃውሞ የተደረገ እንደ ነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ አስረድቷል። ቡድኑ ያልተከፈለው ገንዘብና የአገሩ መንግሥት ዛቻ በላዩ ላይ ነበሩ። በወቅቱ የሣቀው ተንታኝ ሁሉ ይህን አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ራሱ መልስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 በማሸነፍ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። ተሳታፊዎች ወደ 24 ከፍ ባሉበት በ1982 አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች። ካሜሩን ሳትሸነፍ ተመለሰች፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች። አልጄሪያ የመጨረሻ ጨዋታዋን ከፈጸመች በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በኺኾን ተገናኝተው፣ 1 ለ 0 የሆነው ውጤት ሁለቱንም እንደሚያሳልፍ ስላወቁ ቀሪውን ጊዜ ኳስ በመቀባበል አሳለፉት። አልጄሪያ ወደቀች።

ይሁን እንጂ በዚያ ቀን የሆነው ነገር ስለ ዘገባ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የኦስትሪያው የቴሌቪዥን ዘጋቢ ተመልካቾቹ መሣሪያቸውን እንዲዘጉ መከረ፤ የጀርመኑ ዘጋቢ ደግሞ በአገሩ ቡድን አፍሮ ጨዋታውን ማብራራት ተወ። የራሱን ቡድን ያጋለጠ ጋዜጠኛ ለማያውቀው ቡድን ፍትሕ አደረገ። ፊፋም ከዚያ ወዲህ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲካሄዱ ደነገገ። ስለዚህ የዘገባ አድልዎ የጋዜጠኛው ተፈጥሮ ሳይሆን ምርጫው መሆኑን ኺኾን ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሞሮኮ እንግሊዝ፣ ፖላንድና ፖርቱጋል ከነበሩበት ምድብ በአንደኝነት አለፈች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት በቅተዋል። በዚያው ዘመን ስለ ሌላ አደጋ ያስጠነቅቁ ነበር። የአፍሪካ ተጫዋቾች እንደ ጥሬ ዕቃ ወደ አውሮፓ እየተጫኑ የአህጉሩ ክለቦች ባዶ እንዳይቀሩ ይሰጉ ነበር። የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባም ተከላክለዋል። በሥልጣን ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

የተገለበጠው ሚዛን

የአቶ ይድነቃቸውን ሕይወት በምስጋና ብቻ መዝጋት ለጥናት አይበቃም። በ1936 ዓ.ም. ከአምስቱ አንዱ የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ውሎ አድሮ የአገሪቱ ባለ ብዙ ዋንጫና ባለ ብዙ ደጋፊ ክለብ ሆነ። የእንጀራ ልጁ የቤት ልጅ ሆነ። አንድ ሰው የአንድ ክለብ ምልክት ሆኖ ሳለ የሁሉም ክለቦች ዳኛ በሆነው ፌዴሬሽን ውስጥ መሪ ሲሆን፣ የሌሎች ደጋፊዎች ስለ ሚዛኑ ቢጠይቁ ከክፋት የመነጨ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ጥያቄው የሰውየውን ቅንነት ሳይሆን የአወቃቀሩን ጉድለት ይመለከታል። በቺካጎ የጋዜጣው ባለቤት ጉዳይ የተነሣውም ይኸው ነበር።

ሌላው የመገለባበጥ መልክ በዋና ከተማውና በክፍለ ሀገሩ መካከል የታየው ነው። የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበርና የአስመራ ክለቦች በልዩ ልዩ ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል። ጋዜጦቹ፣ ሬዲዮውና እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ቴሌቪዥኑ ግን የተተከሉት አዲስ አበባ ነው። ዘጋቢው በእግሩ ሄዶ የሚያየው ሜዳ የመዲናዋ ሜዳ ነው። የዓለም ዋንጫ ቦታ ከአውሮፓ ሲጠየቅ የቀረበው ክርክር፣ ማለትም ያልታየ ደካማ ይባላል፣ ደካማ የተባለም ሳይታይ ይቀራል የሚለው፣ በአገር ውስጥም ያለ ለውጥ ይሠራል። ለዚህ በከፊል መልስ የሆነው የአፍሪካ ዋንጫ በ1968 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሌላ በአስመራ፣ በ1976 ደግሞ በድሬዳዋ መካሄዱ ነው። ሁለተኛው የተደረገው አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ነው። ዋንጫው ሲሄድ ካሜራውም ተከትሎ ሄደ።

በአዋሽ ሸለቆ ባሉት የአፋር ከተሞች ጥያቄው ገና ትኩስ ነው። በአዋሽ፣ በሎግያ፣ በሰመራና በገላፊ ወጣቶች ምሽት ላይ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ኳስ ይጫወታሉ። የእንግሊዝ ክለቦችን አሰላለፍ በቃሉ የሚወጣ ወጣት የራሱ ከተማ ቡድን የዛሬ አሥር ዓመት ማንን እንዳሸነፈ የሚያነብበት መዝገብ ማግኘት ይከብደዋል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲ ሲመለሱ በሚያርፉባቸው ቡና ቤቶች የተሰቀለው ቴሌቪዥን የሩቁን ቡድን ያቀርባል። በደጁ ያለው ቡድን ከሜዳው ዳር ካለው ተመልካች ትዝታ በቀር ሌላ ማኅደር የለውም። የአፋር ሕዝብ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር የሚለዋወጥበት ዳጉ የተባለ ጥንታዊ የዜና ሥርዓት አለው። ዳጉ ሰሚው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያደርስ ግዴታ ይጥልበታል። ከዚህ የሚሻል የዘገባ ሥነ ምግባር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የሚጎድለው በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው።

ማጠቃለያ

የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ከሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እስከ አህጉራዊው ፕሬዚዳንትነት በአንድ ክር የተያያዘ ነው። በወረራው ዘመን ቡድናቸው ስሙን ተነጠቀ፤ በ1936 ዓ.ም. በስሙ ተሰልፎ ተሸነፈ፤ በ1954 ዓ.ም. አገራቸው ስታሸንፍ የአምበሏ ስም እንዳይነጠቅ ተከላከሉ፤ በዓለም አደባባይ ደግሞ አህጉራቸው ቦታ እንዲሰጣት ተከራከሩ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ያልተወደደው ወገን ያስፈለገው ከዘጋቢው ውዳሴ በፊት ሦስት ነገር ነበር፤ በራሱ ስም መጠራት፣ ሜዳ ላይ መቅረብና መመዝገብ።

የእርሳቸው ክለብ በኋላ ተወዳጅ መሆኑ ይህን መደምደሚያ አያፈርሰውም፤ ይልቁንም ያጠናክረዋል። ትናንት የተገፋው ዛሬ ገፊ ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና። በሸለቆው ከተሞች ለሚማሩ የታሪክ፣ የጋዜጠኝነትና የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላልና ተጨባጭ ነው። የየከተማቸውን ቡድኖች ስም፣ አሰላለፍና ውጤት ከሽማግሌዎቹና ከቀድሞ ተጫዋቾች አፍ ሳይጠፋ ሰብስቦ በወረቀት ማስፈር ነው። በ1936 ዓ.ም. የተሸነፈው ቡድን ዛሬ የሚታወቀው ሽንፈቱን የጻፈ ሰው በመኖሩ ነው።